ካሜራው ፊት ያለው ሰው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ለቴሌቪዥን ከሚሠሩ ዘጋቢዎችና የካሜራ ባለሙያዎች የመጡ ናቸው። አንዱ ደግሞ ካሜራው ፊት ከተቀመጠ ሰው ነው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ዘጋቢነት ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁ። ወጣ ብዬ የተራ ሰዎችን ኑሮና ሥራ መዘገብ እፈልጋለሁ፤ አለቃዬ ግን «ተራ ሰው ዜና አይሆንም» ይሉኛል። እንዴት ላሳምናቸው?

መልስ፦ ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ ተዘጋጅተው ይቅረቡ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቻርልስ ኩራልት እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ለዓመታት ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን የሠራው ይህንኑ ነው። ውስጧ መኝታ ባላት መኪና ከትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ይልቅ በትናንሾቹ መንገዶች እየተጓዘ፣ ማንም የማያውቃቸውን ሰዎች ይዘግብ ነበር። ዘገባዎቹም ይተላለፉ የነበሩት በጣቢያው ዋና የምሽት ዜና ውስጥ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም የጠየቁት።

አለቃዎ የሚፈሩት ታሪክ የሌለው ውብ ምስል ይዘው እንዳይመለሱ ነው፤ ፍርሃታቸውም ትክክል ነው። ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስጧቸው፦ ሰውየው ማን ነው፣ አሁን በሕይወቱ ወይም በሥራው ምን እየተለወጠ ነው፣ ካሜራችን በዓይን የሚያየው ምንድን ነው። «አንድ ታታሪ ጀልበኛ» ታሪክ አይደለም። ድልድይ ሊጠናቀቅበት በተቃረበ ወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግር ጀልበኛ ግን ታሪክ ነው፤ ቀኑ የታወቀ ለውጥ አለው፣ የሚታይ ሥራ አለው፣ የሚጠየቅ ጥያቄ አለው።

ሰው ሲፈልጉ የአካባቢው ኃላፊዎች በሚያቀርቡልዎት ሰው ብቻ አይርኩ። እሱ ለእንግዳ ሁሉ የሚቀርበው ነው፤ ብዙ ጊዜ ተጠይቋል፣ መልሱንም ሸምድዶታል። ይልቅ መንገድ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች «እዚህ ዕቃ ሲበላሽ ማን ነው የሚጠግነው?»፣ «ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚገኘው ሰው ማንም አስቦ የማያቀርብልዎት ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ደስ ብሏቸው ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች ቀረጻ ሲጀመር ይደርቃሉ። ወይ «ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል» ብለው ያቆማሉ፣ ወይ እንደ ባለሥልጣን መግለጫ ይሰጣሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ የሚያደርቃቸው አመጣጣችን ነው። ሦስት አራት ሰው ግር ብሎ ይገባል፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይተከላል፣ መብራት ፊታቸው ላይ ይበራል፣ ከለመዱት መቀመጫ ይነሣሉ፤ ከዚያ «በሉ ዘና ብለው ያውሩ» ይባላሉ። ማንም ቢሆን ይደርቃል።

ቅደም ተከተሉን ይለውጡት። መጀመሪያ ዘጋቢው ብቻውን ይግባ፤ ቡድኑ ውጭ ይጠብቅ። 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ ጊዜ ግን ዋናውን ታሪክ አያስነግሯቸው። ጀማሪን በብዛት የሚጎዳው ይህ ነው፦ ሰው አንድን ነገር ለዚያው ሰው ሁለተኛ ሲነግር ያሳጥረዋል፣ «ቅድም እንዳልኩህ» እያለ ይዘልለዋል፣ የመጀመሪያው ስሜትም አይመለስም። ወደ ጉዳዩ መግባት ከጀመሩ «ይህችን ካሜራው ሲመጣ ከመጀመሪያው ይነግሩኛል» ብለው በትሕትና ያቁሟቸው። ስለ ሥራ ዕቃቸው፣ ስለ ውሏቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ያውሩ።

ማይኩን ቀረጻው ከመጀመሩ 10 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይስኩላቸው፤ እስከዚያ ይረሱታል። መቅረጽ ሲጀመር ካሜራው ፊት ላይ የሚበራውን ቀይ መብራት ከሜኑው ውስጥ ማጥፋት ይቻላል። ሰው እንዳይደነግጥ ነው የምናጠፋው፤ ሳያውቅ ልንቀርጸው አይደለም። ስለዚህ ሲጀምሩ በቃል ይንገሯቸው።

የሌንሱ ከፍታ ከተናጋሪው ዓይን ጋር እኩል ይሁን። ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ የተቀመጠን ሰው ከቆሙ ሆነው ቁልቁል ሲቀርጹት ምስሉ ላይ ሰውየው ያንሳል፤ እሱም ቀና ብሎ ሲያይዎት ተከሳሽ ይመስላል። ትራይፖዱን ዝቅ ያድርጉ፣ እርስዎም አብረው ዝቅ ይበሉ፣ ከሌንሱ ጎን በጣም ተጠግተው ይቀመጡ። በራቁ ቁጥር ተናጋሪው ወደ ጎን ስለሚያይ ተመልካቹ ፊቱን በከፊል ብቻ ያገኘዋል።

እጃቸው ሥራ ቢይዝ ምላሳቸው ይፈታል። ሥራው ግን ድምፅ የሌለውና በየመሐሉ ሊቆም የሚችል ይሁን። ልብስ ሰፊዋ ቁልፍ እየተከሉ ማውራት ይችላሉ፤ የስፌት መኪናውን እያንቀሳቀሱ ግን አይሆንም፤ ድምፁ ይውጣቸዋል፤ በኤዲቲንግ ቃላቸውን በቆረጡ ቁጥርም የመኪናው ድምፅ አብሮ ይቆረጣል።

ከዚያ ጥያቄው። «ምን ተሰማዎት?» ብለው ከጀመሩ የሚያገኙት «ደስ ብሎኛል» ወይም «አዝኛለሁ» ነው። በእርግጠኝነት በሚያውቁት ነገር ይጀምሩ፦ «ዛሬ ጠዋት እዚህ ሲደርሱ መጀመሪያ ያነሡት ዕቃ የቱ ነው?» ስለ ከባድ ነገር ሲጠይቁም ድርጊቱን ይጠይቁ፦ «ወሬው ሲደርስዎት የት ነበሩ? ከዚያ ምን አደረጉ?» ስሜቱ ከድርጊቱ ጋር ራሱ ይመጣል። ሲመልሱ «እሺ… እህ…» አይበሉ፤ ድምፅዎ በላያቸው ከተቀዳ በቀላሉ አይለይም። ራስዎን ይነቅንቁ። መልሱ ያለቀ ሲመስልዎት ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ሦስት አራት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚጨምረው በዚህች ዝምታ ውስጥ ነው።

ተመልካች ከተሰበሰበ ከቡድኑ አንዱ ሰዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ይዞ ያጫውታቸው። ጎረቤት እየሰማ ስለ ገቢው ወይም ስለ ትዳሩ የሚጠየቅ ሰው እውነቱን አይነግርዎትም፤ ቢነግርዎትም የሚከፍለው እሱ ነው፤ እርስዎ ነገ ሌላ ቦታ ነዎት።

አንድ ልማድ ግን ይቅር። «ጨርሰናል» ብሎ ካሜራውን ሳያጠፉ መተው ማታለል ነው። በምትኩ «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ፤ ካሜራው ግን አሁንም እየቀረጸ ነው። ያልጠየቅኩዎት ነገር አለ?» ይበሉ። የተሻለው መልስ እዚህ ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ በሐቅም የተገኘ ነው።

ጥያቄ፦ ጋዜጠኞች ቤቴ መጥተው 40 ደቂቃ ያህል ጠየቁኝ። ቤተሰብና ጎረቤት ሰብስቤ ስጠብቅ የታየሁት ለ12 ሰከንድ ነው። እሱም ዋናው ሐሳቤ አልነበረም። ይህ አግባብ ነው?

መልስ፦ ማጠሩ የሥራው ጠባይ ነው፤ ሳይነግሩዎት መሄዳቸው ግን አግባብ አይደለም። አንድ የዜና ዘገባ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ነው። በውስጡ ሦስት ሰው ቢናገር ለአንዱ የሚደርሰው 10 ወይም 15 ሰከንድ ነው። ቀሪው የሰጡት ጊዜ ዘጋቢው ጉዳዩን እንዲረዳ፣ ምን እንደሚጽፍም እንዲያውቅ ጠቅሟል፤ ይህን ግን እርስዎ በማያ ገጹ ላይ አያዩትም።

ወደፊት ቀረጻ ሳይጀመር አምስት ነገር ይጠይቁ፦ ለየትኛው ፕሮግራም ነው፣ ዘገባው በጠቅላላ ስንት ደቂቃ ነው፣ ሌላ ማን ይናገራል፣ መቼ ይተላለፋል፣ ቀሪው ቀረጻ ለሌላ ሥራ ይውላል ወይ። ዋና ሐሳብዎን ደግሞ ራሱን በቻለ አጭር ዓረፍተ ነገር ይናገሩት። «አዎ፣ እሱ ነው ችግሩ» ያለ ጥያቄው ትርጉም ስለማይሰጥ ይጣላል። «ውሃው ከቆመ ጀምሮ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚደርሱት አርፍደው ነው» ብቻውን ይቆማል።

ያጠረው ሐሳብዎን የሚያዛባ ከሆነ የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት፣ የታየውን ቃልና ያሉትን ሙሉ ሐሳብ ለይተው ለጣቢያው ኤዲተር ይጻፉ፤ እርማት የመጠየቅ መብት አለዎት። ለዘጋቢዎችም አንድ ቃል፦ «በእርግጠኝነት ይተላለፋል» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ ከመተላለፉ በፊት ግን ደውላችሁ ምን ያህሉ እንደሚተላለፍ ንገሯቸው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ነው፤ ባለመደወሉ የተቀየመ ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ምስሌ ደህና ነው፤ ድምፄ ግን ሁልጊዜ ይበላሽብኛል። ነፋስ፣ ጫጫታ፣ የገደል ማሚቶ የሚመስል ክፍል። ውድ ዕቃ መግዛት አልችልም።

መልስ፦ ውድ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይጠጉ። ገላጣ ቦታ ላይ ማይኩና አፍ መሐል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የተናጋሪው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይወርዳል፤ የዙሪያው ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል። ካሜራው ላይ የተገጠመ ማይክ ከሁለት ሜትር ርቆ የሚያመጣው ያንን ጫጫታ ነው። ልብስ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ በትክክል ከተሰካ ካሜራ ላይ ያለን ውድ ማይክ ይበልጣል።

በትክክል መሰካት ማለት ይህ ነው፦ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ደረት መሐል ላይ። አንገት ሥር ካስጠጉት አገጭ ይከልለዋል፣ ድምፁም ይታፈናል። ሻርፕ፣ ሐብል፣ የሚንኮሻኮሽ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ካለ ወደ ጎን ይሰብሰብ። ገመዱን ከማይኩ ሥር አንዴ ጠቅልለው በፕላስተር ከልብሱ ውስጠኛ ክፍል ጋር ያጣብቁት፤ ተናጋሪው ሲንቀሳቀስ ገመዱ የሚፈጥረው ጩኸት እዚያው ይቀራል። ልብስ ውስጥ ገመድ ከማሳለፍዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከተቻለ ራሳቸው ያሳልፉት።

ከቤት ውጭ ስፖንጁ የሚመክተው ለስላሳ ነፋስ ብቻ ነው። ለጠንካራው ፀጉራም መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ትንሽና ርካሽ ዕቃ ነው፣ ስለሚጠፋ ሁለት ይያዙ። ተናጋሪውን ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥተው ያስቀምጡት። መቅጃው ላይ ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ 80 ሄርዝ አካባቢ ካበሩት የነፋሱ ጉምጉምታ ይቀንሳል፤ ማይኩን የመታ ብርቱ ነፋስን ግን አያጠፋውም።

የድምፁን መጠን በእጅ ያስተካክሉ። የተለመደ ንግግር በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች ከ18 እስከ 12 ዴሲቤል መሐል ይሁን፤ ከፍ ሲልም ከዜሮ በታች 6ን እንዳያልፍ። ዜሮን የነካ ዲጂታል ድምፅ ይቆረጣል፣ ተመልሶም በቅጡ አይጠገንም። ሁለተኛ ቻናል ካለዎት ያንኑ ማይክ 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርገው ይቅዱበት፤ ሰውየው ድንገት ሲስቅ ወይም ሲጮህ የሚያድንዎት እሱ ነው። ራስ ሰር ማስተካከያውን አይመኑት፤ ተናጋሪው ዝም ሲል ጫጫታውን እያሳደገ ይሞላበታል፣ በኤዲቲንግም እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል።

ሄድፎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጆሮ ላይ ይቆይ። የገመድ አልባ ማይክ ባትሪ የሚያልቀው መሐል ላይ ነው፤ መለኪያው ሲንቀሳቀስ ማየት ብቻውን አይበቃም፣ ጩኸትም ያንቀሳቅሰዋል።

ለሚያስተጋባ ክፍል መድኃኒቱ ጨርቅ ነው፦ መጋረጃ ይዝጉ፣ ብርድ ልብስ ከካሜራው ክልል ውጭ ወለልና ግድግዳ ላይ ያድርጉ፣ ከባዶ ግድግዳ ይራቁ። ማቀዝቀዣ ካለ ባለቤቶቹን አስፈቅደው ያጥፉት፤ ሲያጠፉም የመኪናዎን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጡ። ያለ ቁልፉ ስለማይሄዱ ሳያበሩት አይወጡም። የሰው ምግብ አበላሽቶ መሄድ ለኋላ ለሚመጣ ዘጋቢ ሁሉ በር ይዘጋል። በመጨረሻ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለ60 ሰከንድ ይቅዱ። ንግግር ሲቆረጥ የሚፈጠረውን ባዶ ክፍተት የሚሞሉት በዚህ ነው፤ ሌላ ክፍል የተቀዳ ዝምታ አይመስልም።

ጥያቄ፦ ቋንቋቸውን በማላውቃቸው ሰዎች መሐል በአስተርጓሚ እሠራለሁ። ሰውየው ሁለት ደቂቃ ያወራል፤ አስተርጓሚው «ጥሩ ነው ይላል» ብሎ ያበቃል።

መልስ፦ አስተርጓሚው ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ምን እንደሚጠበቅበት አልነገሩትም ይሆናል። ከቀረጻው በፊት ተቀምጠው ይስማሙ፦ ማጠቃለያ ሳይሆን ሙሉውን፣ በአንደኛ መደብ፣ «ሄድኩ» ያለውን «ሄድኩ» ብሎ፣ ተናጋሪው ከጨረሰ አንድ ሰከንድ ቆይቶ። ድምፃቸው ከተደራረበ የሰውየው ቃል ለስርጭት አይሆንም። ጥያቄዎቹን ቀድመው ያሳዩት፤ የሚያስቀይም አጠያየቅ ካለ የሚነግርዎት እሱ ነው።

አስተርጓሚው ከእርስዎ ጎን፣ ከሌንሱ አጠገብ ይቀመጥ። ከካሜራው በተቃራኒ ከተቀመጠ ባለታሪኩ ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል። እርስዎም «ጠይቀው» አይበሉ፤ ሰውየውን ዓይኑን እያዩ ራሱን ይጠይቁት። አስተርጓሚው የአካባቢው ኃላፊ ወይም የቤተሰብ አባል ከሆነ መልሱ በእሱ ፊት የሚነገር መልስ መሆኑን ይወቁት፤ በተለይ ባል ለሚስት፣ አሠሪ ለሠራተኛ ሲያስተረጉም ቀረጻውን ባይጀምሩት ይሻላል።

ወደ ኤዲቲንግ ሳይገባ ቦታው ላይ ያልነበረ ሌላ ሰው ቀረጻውን ሰምቶ ከነደቂቃውና ሰከንዱ በጽሑፍ ይተርጉመው። ግሱ መጨረሻ ላይ በሚመጣባቸው ቋንቋዎች ቀድሞ የቆረጠ ኤዲተር ሰውየው «አልስማማም» ያለውን ያስማማዋል።

ጥያቄ፦ ሰዎች «ስንት ትከፍላላችሁ?» ሲሉ ምን እንመልስ?

መልስ፦ ለቃል እንደማይከፈል፣ ምክንያቱንም ጨምረው ይንገሯቸው፦ የተከፈለበት ምስክርነት ይጠረጠራል፣ የሚከፍል ዘጋቢም የሚወደውን መልስ ይገዛል። ግማሽ ቀን ሥራ ያስፈቱት የቀን ሠራተኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የጠፋውን የቀን ገቢና የመጓጓዣ ወጪ መተካት በኤዲተር ከተፈቀደ፣ ቀድሞ ከተወሰነና የተናገረውን ሳይመለከት ከተሰጠ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ከመልሱ በኋላ፣ እንደ መልሱ ማማር እየታየ የሚሰጥ ገንዘብ ግን ክፍያ ነው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ለቀረጻ ልወጣ ነው። ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል። እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ያለው ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ መለዋወጫውም ከሁለት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም። ባትሪው ላይ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ያባዙ፦ 14.4 ቮልትና 6.8 አምፔር ሰዓት 98 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍኑ። በቁጥር ላይ የራሱ ገደብ ያለው አየር መንገድ ስላለ ቀድመው ይጠይቁ።

ኤቲኤ ካርኔት የተባለውን ሰነድ ወደሚቀበል አገር ከሆነ የሚሄዱት ከነመለያ ቁጥራቸው ዕቃዎቹን ዘርዝረው ያውጡት፤ በጊዜያዊነት ያለ ቀረጥ ያስገባል። ሲገቡም ሲወጡም ያስመቱት፤ የመውጫው ማኅተም ከጎደለ ዕቃው እዚያ እንደቀረ ተቆጥሮ ቀረጥ ይጠየቁበታል።

ካርዱን በዚያው ምሽት ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፤ ሁለቱ በአንድ ቦርሳ አይጓዙ። ፋይሉ መኖሩን አይተው ብቻ አያጥፉ፤ የመጀመሪያውን፣ የመሐሉንና የመጨረሻውን ከፍተው ይመልከቱ። ፎርማት የሚያደርጉት በካሜራው እንጂ በኮምፒውተር አይደለም። ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲወጡ ካሜራው በተዘጋ ቦርሳው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ አለበለዚያ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ ማንነቱ እንዲደበቅ የጠየቀን ሰው ፊቱን በኤዲቲንግ ማደብዘዝ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ካርዱ ኤዲቲንግ ክፍል ሳይደርስ ሊጠፋ ወይም ሊወሰድ ይችላል፤ በካርዱ ላይ ደግሞ ፊቱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ሲቀረጽ ጀምሮ ይደበቅ። ብሩህ መስኮት ወይም ግድግዳ ከኋላው ያድርጉ፣ ፊቱ ላይ ምንም ብርሃን አያብሩ፣ የብርሃን መጠኑን በጀርባው ልክ ያስተካክሉ። ከዚያ ቀረጻውን መልሰው እያጫወቱ ብርሃኑን ከፍ አድርገው ይሞክሩት፤ ፊቱ ተመልሶ ከታየ ጥላው በቂ አልነበረም።

ዘመድ የሚለየው በፊት ብቻ አይደለም። እጅ ላይ ያለ ጠባሳ፣ ቀለበት፣ የለመደው ልብስ፣ አቀማመጡ፣ ከኋላ የሚታይ በር ወይም ዛፍ ሁሉም ይናገራል። የራሱ ባልሆነ ክፍል፣ በተዋሰው ልብስ ይቅረጹት። ድምፁን በማቅጠን ወይም በማወፈር አይተማመኑ፤ መልሶ ማስተካከል የሚችል ሶፍትዌር አለ። ቃሉን ሌላ ሰው ያንብብለት፣ ተመልካቹም ይህ እንደተደረገ ይነገረው። በስልክ ከቀረጹ ቦታ የሚመዘግበውን አገልግሎት ቀድመው ያጥፉ። ስሙን በፋይሉ ስያሜ፣ በስክሪፕቱ ወይም በጥሪ መዝገብዎ ላይ አይጻፉት። ከመተላለፉ በፊትም ከተቻለ የተዘጋጀውን ክፍል ራሱ ይየው፤ የሚያስለየው ነገር ካለ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።